የቅዳሜው የሙዚየም ጉብኝትና የኢጎር ሲኮርስኪ ነገር

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በመጪው ቅዳሜ መደበኛ ክፍል የለም። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ሻንቲሊ፣ ዳለስ ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው የኡድቫር-ሃዚ የአውሮፕላን ሙዚየም እንወስዳቸዋለን። አንዳንዶቻችሁ ተሳፋሪ ስታደርሱ በአጠገቡ ታልፋላችሁ፤ ገብታችሁ ያያችሁት ግን ጥቂት ሳትሆኑ አትቀሩም።

«ልጆቻችንን የላክናቸው አማርኛ እንዲማሩ ነው፤ የጦር አውሮፕላን ምን ያደርግላቸዋል?» ያሉኝ አባት አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ልጆቹን በተለይ የምናቆማቸው ኤክስአር-4 የምትባል አንዲት ሄሊኮፕተር ፊት ነው። የሠራት ኢጎር ሲኮርስኪ ስደተኛ ነበር። በ1889 ኪየቭ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው)። በ1911 ራሱ የሠራትን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሲያበርር ሞተሩ አየር ላይ ቀጥ አለ። ወደቀ፣ ለጥቂት ተረፈ። ሲመረመር የነዳጁን መተላለፊያ የዘጋችው አንዲት ቢምቢ ሆና ተገኘች! ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ሥራ ይቀይር ነበር። እሱ ግን በአንድ ሞተር መተማመን አይቻልም አለና በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን አበረረ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሊያ ሙሮሜትስ የተባለው አውሮፕላኑ መጣ። ስሙ ከሩሲያ የተረት ጀግና የተወሰደ ነው። የታሰበው ለመንገደኛ ነበር። አብራሪዎች ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው በሚበሩበት ዘመን ይሄኛው የተዘጋ ሳሎን፣ መኝታ ክፍል፣ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ መብራት፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ነበረው። ሞተር ካስቸገረ መካኒኩ እየበረሩ ክንፉ ላይ ወጥቶ ይነካካዋል። በ1914 መጀመሪያ 16 ሰውና አንድ ውሻ ጭኖ በረረ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ሳሎኑ ቀረ። ቦምብ ተሰቀለበት፣ መትረየስ ተጠመደበት፤ ኋላ ላይ ጅራቱ ጋ የተኳሽ ቦታ ተበጀለት። ከ70 በላይ ተሠርተው ከ1915 ጀምሮ በጀርመን ጦር ላይ ዘመቱ። ይሄን ከልጆቹ አንደብቅም። ለሰው ምቾት የተሠራ ነገር በወራት ውስጥ ቦምብ ጣይ እንደሚሆን ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል። ቤት ስትነጋገሩበትም ደስ ይለኛል።

አሁን ለእኛ የሚቀርበው ክፍል። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ሲኮርስኪ አገሩን ጥሎ ወጣ። በመጋቢት 1919 ኒውዮርክ ሲደርስ 29 ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ አውሮፕላን ሠሪ የሚፈልግ የለም። በአገሩ ንጉሡ ሳይቀር የሚያውቁት ሰው ማታ ማታ ለሩሲያ ስደተኞች ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። በ1923 ሎንግ አይላንድ ውስጥ፣ የቀድሞ የሩሲያ ባሕር ኃይል አብራሪ በነበረ ወዳጁ የዶሮ እርባታ ላይ ድርጅት ከፈተ። ሠራተኞቹም ስደተኞች ናቸው፤ ደመወዝ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ብረቱ ቆራሌው ጋ የሚገኝ ዓይነት ነበር፤ የሆስፒታል አልጋ ብረት እንኳ አልቀረም። ሙዚቀኛው ሰርጌይ ራህማኒኖፍ የ5,000 ዶላር አክሲዮን ገዝቶ ባይደርስላቸው እንጃ።

በ1924 የድርጅቱ አውሮፕላን ለመጀመሪያው በረራ ሲነሳ ደክመው የሠሩት ሁሉ ካልተሳፈርን አሉ። ሲኮርስኪ እምቢ ማለት አልቻለም። ስምንት ያህል ሰው ተጠቅጥቆ ገባ፣ ያረጁት ሞተሮች አልቻሉትም፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ተከሰከሰ። ሰው አልሞተም። (የይሉኝታን ጣጣ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።) ጠግነው፣ የተሻለ ሞተር ገጥመው አስነሱት። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሁለት ፒያኖ ጭኖ ወደ እኛው ዋሽንግተን መምጣት ነበር።

ሄሊኮፕተሩ የተሳካለት በ1939 ነው። ኤክስአር-4 በ1942 ከኮነቲከት ኦሃዮ በአምስት ቀን ደረሰች፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ጫካ ውስጥ የዚሁ ዓይነት ሄሊኮፕተር አራት ሰዎችን አንድ በአንድ እያመላለሰች አወጣች። ሙዚየሙ በስማቸው የተሰየመው ኡድቫር-ሃዚም ከሃንጋሪ በልጅነታቸው የተሰደዱ ናቸው።

እንግዲህ የቤት ሥራው የእናንተም ነው። እስከ ዓርብ ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ፣ አሜሪካ ከመምጣታችሁ በፊት ምን ትሠሩ እንደነበርና እዚህ ስትደርሱ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ሥራ በአማርኛ ንገሩልን። ልጁ አንድ ገጽ ይጽፋል። ነርስ፣ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የጋራዥ ባለቤት፣ ወታደር፣ የቤት እመቤት፣ ሁሉም ይጻፍ። «የኔ ምን ይጻፋል» የሚል ሰበብ አልቀበልም።

መግቢያው ነፃ ነው፤ መኪና ማቆሚያ ግን ያስከፍላል፤ ስለዚህ ልጆቹን ተጋግዛችሁ በአንድ መኪና አምጧቸው። ጠዋት 10፡30፣ በአገር ቤት ሰዓት 4፡30፣ በሩ ላይ እንገናኝ። የፈቃድ ወረቀቱ ሳይፈረም የሚመጣ ልጅ አይገባም። ሁለት አጃቢ ወላጆች ይቀሩናል፤ የምትችሉ እስከ ረቡዕ ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርእሰ መምህሩ