አባዬ፣ ስለ ቱቦው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? በስልክ ስናወራ እኔ ብቻ ነኝ የምለፈልፈው። አንተ ምላስህ ሲያዝ እማዬ ትቀድምና ትመልስልሃለች፤ ብዙ ጊዜም አንተ ያላሰብከውን። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ዓይንህ ደህና ነው፣ ማንም አያንብብልህ።

ሐኪሞቹ ሆድህ ላይ የምግብ ቱቦ እናስገባልህ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እምቢ ማለትህንም። በአፍንጫህ የገባውን የምግብ ቱቦ ደግሞ ሌሊት ነቅለህ ጣልከው አሉ። አልገረመኝም። እዚህ ሜሪላንድ የምሠራበት የሆስፒታል ክፍል ቱቦውን የሚነቅል በሽተኛ አይጠፋም። አፍንጫ ይልጣል፣ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ምራቅ ሲውጡ ይቆረቁራል። በዚያ ላይ በተነቀለ ቁጥር እንደገና ማስገባት አለ፤ ሲገባም ጫፉ ጨጓራ ውስጥ መሆኑን በኤክስሬይ ወይም የጨጓራውን አሲድ በመለካት ማረጋገጥ የግድ ነው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምግብ ቢለቀቅበት አደጋ ነው።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ሆድህ ጤነኛ ነው። አንጎልህን የመታው ስትሮክ የነካው አዋዋጥህን ነው። ሰው ሲውጥ የአየር ቧንቧው ለቅጽበት መዘጋት አለበት። ያንተ በጊዜው አይዘጋም። ሌላው ሰው ትን ሲለው ያስላል፤ አንተ ግን ሳያስልህም ምግቡ ወደ ሳንባህ ሊገባ ይችላል። ባለፈው የያዘህ የሳንባ ምች ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ውሃ፣ ሻይና ቡና ነው። ቀጭን ስለሆነ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ያመልጣል። ይቺን አንቀጽ ለእማዬ አሳያት። «ከንፈሩን ላርጥብለት» እያለች ቡና በማንኪያ እንደምታቀምስህ ደርሼበታለሁ።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ በአፍንጫ የጀመሩልህ አላግባብ አይደለም። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ መዋጡ ይመለስለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ትልቅ ጥናትም ከስትሮክ በኋላ ሆድ ላይ ለመክፈት መቸኮል እንደማይጠቅም አሳይቷል። አራት ሳምንት ገደማ አልፎ መዋጡ ካልተመለሰ ግን የሆዱ ይመረጣል። አንተ ደግሞ ያንን አልፈሃል።

«ሆዴን አላስቀድድም» ብለህ ጽፈሃል አሉ። የታሰበልህ ሆድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አይደለም። የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጡሃል። ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፍህ ወደ ጨጓራህ ያወርዳሉ። ብርሃኑ በሆድህ ቆዳ በኩል ሲታይ እዚያ ቦታ ያደነዝዙና አንድ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ቀዳዳ ያበጃሉ። ቱቦው በአፍ በኩል ተስቦ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፤ ከውስጥ በኩል ያለው ክብ ነገር እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ክሊቭላንድ ያሉ ጋውደረርና ፖንስኪ የሚባሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት በመጀመሪያ ለሕጻናት ብለው ነው። ሕጻን የቻለውን አንተ ትችለዋለህ፣ ግዴለህም።

ስለ ጾሙ ማሰብህን አውቃለሁ። በቱቦ የሚሰጠው የታሸገ ምግብ ብዙው የወተት ፕሮቲን አለበት፤ ከአኩሪ አተር የተሠራም አለ። ለማንኛውም የንስሐ አባትህን ጥራና ጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፣ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰው ያየኛል ካልክ ደግሞ ጋቢህ ለምን ተፈጠረ?

ቱቦው ሁሉን ይፈታል ብዬ አልዋሽህም። ምራቅህ አሁንም ትን ሊልህ ይችላል። ከጨጓራም ወደ ላይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ስትመገብ ጀርባህ ቀና ይበል፤ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትጋደም። ቀዳዳው ዙሪያ ሊያመረቅዝም ይችላል፣ በየቀኑ ማጠብ ነው። ለሁሉም ሰው ይግባለት የምል እንዳይመስልህ። የመርሳት በሽታ ለጠናበት አዛውንት ዕድሜ እንደሚጨምር አልታየም፤ እዚያ በትዕግሥት በእጅ ማጉረሱ ይሻላል። አንተ ግን አሁንም በዳማ ወንድሜን ታበሽቀዋለህ። መዋጥ ሲመለስልህ ቱቦው ይወጣል፤ ቀዳዳውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል።

እማዬ አጥሚት በቱቦ ልስጠው ማለቷ አይቀርም። ይደፍነዋል! ወፍራም ነገር ሁሉ ይደፍነዋል። ከምግብ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ በሲሪንጅ ይለፍበት። ክኒንም በደንብ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ አንድ በአንድ ነው የሚሰጠው፤ አንዳንዱ ክኒን ደግሞ መፈጨት ስለሌለበት ፋርማሲስቱን ትጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቱቦው ከወጣ ማንም ቤት ውስጥ መልሶ እንዳይከተው፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ሊጠብ ስለሚችል ነገ አይባልም። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒትህን ከወዲሁ ለሐኪሙ አሳየው። አንዳንዱ ቱቦው ከመግባቱ ቀናት በፊት ይቆማል፤ አንተ ግን በራስህ እንዳታቆም።

ወንድሜ የነገረኝ ሌላው ነገር ነው ያስለቀሰኝ። «ልጆቼን ገንዘብ አላስጨርስም» ብለህ በግራ እጅህ ጽፈህ ሰጠኸው አሉ። አባዬ፣ ሰውነትህ ነው፣ ውሳኔውም ያንተ ነው። ቱቦውን ስለጠላኸው እምቢ ካልክ አልቆጣህም፣ እማዬንም እኔ አሳምናታለሁ። ለእኛ ብለህ ከሆነ ግን አልቀበልህም። ገንዘቡን ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፣ አንተ አትግባበት።

ትልልቁን ሲሪንጅ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ እደውላለሁ። ያልገባህን ቀድመህ ጻፈውና ለካሜራው አሳየኝ፤ እማዬ ያን ሰዓት ወጥ ቤት ትሁን።

ልጅህ