ማንኩሳ የሄድን ቀን

አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ እንዳንጫወት አንድ ቀን ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ሌላ ቀን እርስዎ «እሺ፣ እሺ» ብለው ቶሎ ለወንድሜ ያቀብሉታል። ስለዚህ ጻፍኩ። ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ለእሱ አይስጡት፤ ቀስ ብለው ራስዎ ያንብቡት።

ትንሹ በቁመት ሊበልጠኝ ነው፣ ጫማ አልበቃው ብሏል። ትልቋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምራለች። የእርስዎን ቅጂ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈውን የ1958ቱን እትም። ገና መጀመሪያው ላይ ናት። «እማ፣ ይኼ አያቴ የወሰደን ቦታ አይደል?» አለችኝ።

2011 ጥቅምት ነበር። ኑጉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። ከማርቆስ ስንወጣ «ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ የእንዶዳም ልጅ ነው» ብለው ጀመሩ። ከደምበጫ በኋላ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከውን የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ እያስመሰሉ ይተርኩልን ጀመር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋው። ፍኖተ ሰላምን አልፈን ማንኩሳ ስንደርስ ልጆቹ የበዛብህን ቤት አሳየን አሉዎት። እርስዎም ሳያፍሩ አንድ ሣር ቤት ጠቆሟቸው! አስተማሪ እንደዚህ ይዋሻል?

ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ። እርስዎ የጽጌን ጾም ይዘው ስለነበር ዳቦ ብቻ ቆረሱ። የስለቱን ነገር ያወሩላቸው እዚያ ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳሉት። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

«ልጁን ሳይጠይቁት?» አለችዎት።

«ልጅ ይጠየቃል እንዴ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ እንቁላል እየላጥኩ ነበር። ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ይነሳል፣ ጥፍሬ ሥር ይገባል። ቀና አላልኩም። «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ» አሉ።

እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ባረፈች በዓመቱ። ወንድሞቼ ቀሩ፣ እኔ ለእትዬ ተሰጠሁ። ለትምህርት እንደሆነ አውቃለሁ። ተምሬያለሁም። እትዬም ክፉ አልነበረችም፣ ነፍሷን ይማር። መናኸሪያው ውስጥ አምስት ብርቱካን ገዝተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ሄዱ። ዓባይን እስክንሻገር ጭኔ ላይ ነበር፣ አንዱንም አልላጥኩም። ለምን እንዳልጠበቁ ልጠይቅዎት ስል ሠላሳ ምናምን ዓመት ሄደ።

ወንድሞቼ «አንተ» ይሉዎታል። እኔ በየክረምቱ እንደ እንግዳ እየመጣሁ «እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። አርመውኝ አያውቁም። የአማርኛ አስተማሪ ነዎት እኮ፤ የማንም ስህተት አያልፍዎትም ነበር።

እሱን እንተወው። ወንድሜ እንደነገረኝ የግፊቱን መድኃኒት አንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንድ ቀን ይዘላሉ። እንዲበረክት ነው አሉ። እንዲህ አይደረግም! እዚህ ገዝቼ በሰው ልኬያለሁ። ቀይ ክዳን ያለው ጠዋት ነው፣ ሌላው ማታ። የዓይንዎን ሞራ ለማስነሳትም «አርጅቻለሁ፣ ምን ላነብ» ብለዋል አሉኝ። ያቺን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ከዚህ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ድሮ በአንድ ቀን ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን መንገዱ ሲረጋጋ እመጣለሁ እያልኩ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ቶሎ አላነሳም። መጀመሪያ የማን ቁጥር እንደሆነ አያለሁ።

ያን ቀን ወደ ዲማም እንሄዳለን ብለው ነበር፣ መሸብን። ልጅቱ መጽሐፉን ስትጨርስ የሰብለን አገር ካላየሁ ማለቷ አይቀርም። ዓይንዎ ካልታከመ ማን ይጠቁማታል? የውሸት ቤትም ቢሆን።

ጋቢህን ሳትደርብ ደጅ እንዳትቀመጥ፣ አባዬ። የጥቅምት ብርድ ነው።

ልጅህ