ደህና ነኝ አትበዪኝ

ልጄ፣

ሐሙስ ማታ ስደውልልሽ «ደህና ነኝ አባዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽኝ። እንቅልፍሽን ጠየቅሁሽ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ምግብ ትበያለሽ ወይ አልኩሽ፤ ያንኑ ደገምሽልኝ። ሦስተኛውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ይህን አነጋገር፣ ይህን የድምፅ ልክ አውቀዋለሁ። የእናትሽ ነው።

አርብ ጠዋት ደግሞ ባልሽ ደወለ። እንዳትቆጪው፤ ጨንቆት ነው። ቀን ሊያጽናና የመጣውን ሰው ፈገግ ብለሽ እንደምትሸኚ፣ ሌሊት ግን መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧውን ከፍተሽ እንደምትቀመጪ ነገረኝ። ቧንቧው ለምን እንደሚከፈት ሁለታችንም ገብቶናል። ሕፃንሽ ካረፈች ወዲህ ልብሶቿን አጣጥፈሽ ሣጥን ውስጥ ከከተትሽ በኋላ እንደገና አውጥተሽ እንደምታጣጥፊም ነገረኝ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት» ይላል አለኝ። ይሄኔ ነው የፈራሁት።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ፤ ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ አትበዪ። መንገድ ላይ ለሚያገኝሽ ሰው በዪ፣ ግድ የለም፣ ለሁሉም ልብን መዘርገፍ አይቻልም። ለባልሽ ግን አትበዪ። ለእኔም አትበዪ። በጸሎትሽም ለእግዚአብሔር አትበዪው።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጪ። የምሬን ነው። ጠጥተሽ ተመለሽ።

ስለ ወንድምሽ አንቺና እኔ ተነጋግረን አናውቅም። ፎቶውን ታውቂዋለሽ፣ ታሪኩንም ከእናትሽ ሰምተሻል። ያልሰማሽው የእኔን ድርሻ ነው፤ እርሷ አላወጣችብኝም።

ሦስት ወር ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው አረፈ። ከቀብር ስንመለስ እናትሽ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። በዚያ ዘመን ሃይማኖቴን ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለሁሉ ነገር ጥቅስ አላጣም። እጇን እንኳ ሳልይዝ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» አልኳት። ዝም አለች። ቤት ገብተን እንደገና ሲብስባት «አልቅሰሽ ልትመልሺው ነው? እምነትሽ የት አለ?» አልኳት። ያበረታኋት መስሎኝ ነው እል ነበር፣ ለብዙ ዓመት ለራሴ። እውነቱ ግን ልቅሶዋ የእኔን እንዳይቀሰቅስብኝ ፈርቼ ነበር።

ፊቷን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ቀን ወዲህ በፊቴ አላለቀሰችም። ሲጠይቋት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሰው ያደንቃታል፣ እኔም እኮራለሁ። በሳምንቱ ገደማ ጡቷ አጋቶ ወተቱ ቀሚሷን ከፊት ሲያረጥበው አየሁ። የሚጠባ እንደሌለ ወተቱ አላወቀም። ማየቴን አየች። እኔ ዘወር ብዬ፣ የተበላሸ ነገር እንዳለበት ሁሉ፣ የበሩን መዝጊያ መነካካት ጀመርኩ።

ይህ አባት ለሴት ልጁ የሚጽፈው ነገር አይደለም፤ ግን አንቺም አሁን እዚያው ላይ ነሽ። ጡትሽ ከቀላ፣ ካመመሽ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ ዛሬውኑ ለሐኪም ታዪ። በዚህ አትፈሪ።

ያን ጥቅስ ከየት እንዳመጣሁት ተመልሼ ያየሁት በኋላ ነው፣ በጣም በኋላ። የመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1 ነው። የተናገረውም ኢዮብ ራሱ ነው፤ ስለ ገዛ ልጆቹ፣ ልብሱን ቀድዶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ መሬት ላይ ወድቆ። ማንም መጥቶ አልነገረውም። እኔ ከእናትሽ አፍ፣ በጊዜው፣ ሊወጣ ይችል የነበረውን ቃል ነጥቄ መታሁበት። ሦስቱ ጓደኞቹ እንኳ ከእኔ ይሻላሉ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔ ሰባት ደቂቃ አልቻልኩም።

ደግሞ መጨረሻውን እዪው። ኢዮብ ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ይሟገታል፣ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ጓደኞቹ ደግሞ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ይቆማሉ። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቈጣው በጠበቆቹ ላይ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። እነርሱ ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ ኢዮብ ለእግዚአብሔር ነበር የሚናገረው። ስለዚህ ተናደሽ ከሆነ ተናድጃለሁ በዪው። ለምን ብለሽ ጠይቂው። ብቻ ደህና ነኝ አትበዪው።

መልስ ታገኛለሽ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ኢዮብ እንኳ «ለምን» ብሎ ለጠየቀው መልስ አላገኘም፤ ከምዕራፍ 38 ጀምሮ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገር፣ ምድርን ስመሠርት የት ነበርህ ብሎ ጥያቄውን በጥያቄ ነው የመለሰለት። ይህ ነገር ለዓመታት አናዶኛል። አሁን አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ያ ሰውዬ ሲጮኽ የኖረው ሰሚ ፍለጋ ነበር፣ ሰሚውም መጣ።

አንድ ሌላ ቦታ ላሳይሽ፤ ወንጌለ ዮሐንስ ምዕራፍ 11። አልዓዛር ከሞተ በኋላ ማርታ ወጥታ ጌታን ተቀበለችውና «አንተ በዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ቆይታ ማርያም መጥታ እግሩ ላይ ወድቃ ያንኑ ቃል አለችው። ቃል በቃል ያው ነው፣ አስተያዪው። ለማርታ በቃል መለሰላት፤ ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ አላት። ለማርያም ግን አልሰበከላትም፤ ስታለቅስ አይቶ አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወንድሟን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ሁለቱም ያንኑ ሲሉት ለአንዷ የሚያስፈልጋት ቃል፣ ለሌላዋ እንባ መሆኑን ለይቷል። ለእናትሽ የማርታን መልስ ሰጠኋት፤ እርሷ ማርያም ነበረች።

አንቺ ትምህርት ቤት በገባሽበት ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ሌሊት ነቅቼ ከጎኔ አጣኋት። ወጥ ቤት መብራት ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፅዋን ሰማሁ፤ መዝሙረ ዳዊት እያነበበች፣ ግማሹን እያነበበች ግማሹን እያለቀሰች። በሩ ጋ ቆምኩ። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ።

ይኸው ነው። ተመልሼ ተኛሁ። በሕይወቴ የሠራሁት ክፉ ነገር ምንድነው ብለሽ ብትጠይቂኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ያን መጽሐፍ ስገልጥ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 22 ገጹ ንጹሕ ነው። ያለቀው፣ ጠርዙ በአውራ ጣት የጠቈረው መዝሙር 87 ነው፤ በሌላው አቈጣጠር 88 የሚባለው። አንብቢው፤ አጭር ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኞቹ ማብቂያቸው ላይ ቀና ይላሉ፤ ይሄኛው አይልም። ወዳጅም ዘመድም ራቀኝ ብሎ ያበቃል። ሲጀምር ግን መድኃኒቴ ብሎ ይጠራዋል፣ ቀንና ሌሊት ወደ አንተ ጮኽሁ ይለዋል። እናትሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ የምትለው ለእኛ ነበር። ለእርሱ እውነቱን ትነግረው ነበር። እኔ እምነት የላትም ያልኳት ሴት!

አሁን ስለ አንቺ። ኤልያስን ታስታውሺዋለሽ፣ አንደኛ ነገሥት 19። በረሃ ገብቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። ነካ አደረገውና ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዪ። ባያሰኝሽም ትንሽ ትንሽ ብዪ። ቀንም ቢሆን እንቅልፍ ከመጣልሽ ተኚ፣ ሰው መጣ ብለሽ አትነሺ፤ ባልሽ ያስተናግድ።

ሐኪምም ጋ ሂጂ፣ ለጡቱ ብቻ አይደለም። ልጅሽ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗት እንቅልፍ አልተመለሰልሽም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የስሜት መውደቅ ከሁለት ሳምንት ካለፈ መታየት አለበት። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ባልሽን ቀስቅሺው፣ ለእኔ ደውዪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። የሚያምን ሰው ሐኪም አያሻውም የሚልሽ ካለ፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር በዪው፤ ጳውሎስ በቈላስይስ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ጽፎታል። ሐኪሙ ሲጠይቅሽም ደህና ነኝ አትበዪ!

ቤተ ክርስቲያን መቅረትሽን አልወደድኩትም፣ አልደብቅሽም። ሦስት እሑድ ይበቃል። መዘመር ካቃተሽ አትዘምሪ፤ ከኋላ ተቀመጪ፣ ሌሎቹ ይዘምሩ። «ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትጣያቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ግን ይህን ቁጥር ያዢ። ኢዮብ መጀመሪያ 7,000 በግና 3,000 ግመል ነበረው፤ በመጨረሻ 14,000 በግና 6,000 ግመል ተሰጠው። ሁሉ እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ግን መጀመሪያ 10፣ በመጨረሻም 10 ናቸው፣ አልታጠፉም። ይህን አንድ ሽማግሌ ሰባኪ ሲያስተምር ሰማሁ፤ የመጀመሪያዎቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ነው አለ፤ ከብት ይተካል፣ ልጅ ግን ይቈጠራል እንጂ አይተካም።

ሰው ስንት ልጆች አሏችሁ ሲለን እኔ «አንድ» እል ነበር። እናትሽ «ሁለት» ትል ነበር። ያስቆጣኝ ነበር፣ ሰው ፊት ታሳፍረኛለች ብዬ። አንቺም ሲጠይቁሽ አንድ ልጅ አለችኝ በዪ፣ ልብሽ ከፈቀደ።

በመጨረሻው ሕመሟ፣ አንድ ከሰዓት፣ ቀስ ብላ «ያን ቀን አብረኸኝ ብታለቅስ ኖሮ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለወንድምሽ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። እጄን ያዘችኝ። ጸለይን ማለት ይከብደኛል፤ ስሙን ብቻ እየጠራን ቆየን። ሐዘኑ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ገና መጀመሩ ነበር። ግን ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንዳልነበርን አውቃለሁ። ስንት ዓመት ስለ እግዚአብሔር ስናገር እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። ምግብ እንዳታሰናጂልኝ። ጥቅስ አላመጣም፤ ሳሎን ውስጥ ተኝቼ ቧንቧው ሲከፈት ከሰማሁ ግን መጥቼ አንኳኳለሁ፤ ክፈቺልኝ። ሣጥኑን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አታውጪው፤ ከፈለግሽ አብረን እናጣጥፋለን። የእናትሽን መጽሐፍም ይዤልሽ እመጣለሁ። መዝሙር 87 ያለበት ቅጠል በጣም ስለሳሳ ስትገልጪው ቀስ በዪ።

አባትሽ