«የጋሪውስ ሒሳብ የት ገባ?»፦ የምጣኔ ሀብት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮውን የክበባችንን ርእስ የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው ለማለት ይቻላል። ጥቅምት 6 ቀን ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር መሆኑ በይፋ ተነግሮ ነበርና፣ በየቤቱ የተነሣው «እንግዛ ወይስ ይቅር» የሚለው ክርክር እስከ መማሪያ ክፍል ድረስ ተከትሏቸው ገባ። ስለዚህ 30ውን አባላት በአምስት ቡድን ከፍለን ለእያንዳንዱ ቡድን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር 9,900 ብር ሰጠን። ከካርቶን የተቆረጡ የአምስት ምናባዊ ኩባንያዎች አክሲዮኖችንም አዘጋጅተን፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ገዢና ሻጭ ዋጋ እየተጣራ የሚገበያይበትን «የወረቀት ገበያ» ከፈትን። የመሰብሰቢያ ክፍል ለማግኘት የነበረውን ችግር እዚህ አላነሣውም፤ ሦስቱን ሳምንት በቤተ ሙከራው በረንዳ ላይ መገበያየታችንን መጥቀስ ይበቃል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያበቃ ሁለተኛው ቡድን ገንዘቡን 11,880 ብር አድርሶ፣ ማለትም 20 በመቶ አትርፎ አንደኛ ወጣ። ይህ ቡድን በመንፈቁ ውስጥ 12 ጊዜ ገዝቶ 12 ጊዜ ሸጧል፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር የሚያጨበጭቡትም እነርሱ ነበሩ። አራተኛው ቡድን በአንጻሩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ገዝቶ እስከ መጨረሻው በመያዙ 10,791 ብር ላይ ቆመ፤ አባላቱም ሥራ የፈቱ ተደርገው ተቀለደባቸው። ለአሸናፊዎቹ የምስክር ወረቀት ሰጥተን ልንበተን ስንል፣ እናቷ በአዳማ ገበያ ሽንኩርት በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ የጋሪውስ ሒሳብ የት ገባ?» አለችኝ። እናቷ ትርፋቸውን የሚያሰሉት ከመሸጫው ላይ መግዣውን ብቻ ቀንሰው ሳይሆን ለጋሪ፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለጆንያ ያወጡትን ጭምር ቀንሰው ነውና፣ የእኛ ገበያ ያለምንም ወጪ መካሄዱ አላሳመናትም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የጨዋታውን ሕግ ሳወጣ፣ በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና የመሳሰሉት ሰነዶች በሚገዙበትና በሚሸጡበት ገበያ፣ የሚገበያይ ሰው ትእዛዙን የሚያስገባው ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል መሆኑን፣ ለዚህም በገዛ ቁጥርም በሸጠ ቁጥርም ክፍያ እንዳለበት ትቼው ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን በይፋ ሲከፈትና ወጋገን ባንክ አክሲዮኑ በዚያ እንዲገበያይ የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሲሆን ክበቡ ዜናውን በጉጉት ተከታትሎታል፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ስለ ክፍያ ያነሣ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ሒሳቡን ከሥሩ ሠራነው። በአንድ ግዢ ወይም ሽያጭ ላይ የሚከፈለው 1 በመቶ ይሁን አልን፤ ይህ ለስሌት እንዲመቸን የወሰንነው እንጂ የማንም ደላላ ታሪፍ አይደለም። በዚህ ስሌት አንድ ጊዜ ገዝቶ በመጨረሻ አንድ ጊዜ የሸጠው አራተኛው ቡድን ከ10,791 ብር ወደ 10,577 ብር ገደማ ብቻ ሲወርድ፣ የሁለተኛው ቡድን 11,880 ብር ግን 24 ጊዜ እየተሸረፈ 9,345 ብር አካባቢ ደረሰ፤ ከተነሣበት 9,900 ብር በታች ማለት ነው። የአክሲዮኖቹ ዋጋ ከቶ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ያ ሁሉ መገላበጥ 9,900 ብሩን ወደ 7,787 ብር ያወርደው እንደነበርም በሰሌዳ ላይ አሳየን። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

ቀጥለን ከአንድ ትእዛዝ የሚከፈለው ከ100 ብር አያንስም የሚል ደንብ ጨመርን። በዚህ ጊዜ የተጎዳው፣ እኔም ሳልጠብቀው፣ እጅግ ጠንቃቃ የነበረው አምስተኛው ቡድን ነው። ዋጋው ይዋዥቃል በሚል ስጋት 33ቱን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ ሦስት ሦስት እያደረገ በ11 ጊዜ ገዛ፤ በእያንዳንዱ 900 ብር ላይ 100 ብር እየከፈለም 1,100 ብር አወጣ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ቢገዛ የሚከፍለው 100 ብር ብቻ ነበር። በጥቂቱ መግዛት በራሱ ክፉ ምክር አይደለም፤ ከዚህ አያንስም የተባለ ክፍያ ባለበት ግን አነስተኛ ገንዘብ የያዘው ሰው ከባለ ሚሊዮኑ ይልቅ ከፍ ያለውን መቶኛ ይከፍላል።

በሰሌዳው ላይ የማይጻፍ ወጪም አገኘን። አንድ ዓርብ ከፍተኛው ገዢ 294 ብር ሲሰጥ ዝቅተኛው ሻጭ 306 ብር ጠየቀ። በ306 ገዝቶ ወዲያው ለመሸጥ የተገደደ ሰው ደላላው ሳይደርስበት በአክሲዮን 12 ብር፣ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ያጣል። ገዢና ሻጭ በሚያንስበት ገበያ ይህ ክፍተት ይሰፋል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ግን የትርፍ ድርሻ፣ ማለትም ኩባንያው ከትርፉ ለባለአክሲዮኖቹ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ጉዳይ ነው። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው «ባንኩ 25 በመቶ አከፋፈለ» የሚል ወሬ ሰምተው ይመጣሉ። 25 በመቶው የሚሰላው ግን በአክሲዮኑ የተመዘገበ ዋጋ ላይ፣ ማለትም ሰው በሚገበያይበት ዋጋ ሳይሆን በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው፤ የተመዘገበው ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ ባለአክሲዮኑ 250 ብር ያገኛል። ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ1,600 ብር የገዛው ሰው የሚያገኘው ያው 250 ብር በመሆኑ፣ ከገንዘቡ አንጻር 15.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ግብሩና የጋሪው ሒሳብ ሳይቀነስ። ይህን ስንሠራ በዋለው ዓርብ ደወል ከተደወለ በኋላ የወጣ ተማሪ አልነበረም፤ ሁለት ወላጆችም በሚቀጥለው ሳምንት ስሌቱን በወረቀት ጽፈን እንድንልክላቸው ጠይቀው ልከናል።

በሰኔ ወር የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ለሁለተኛው ቡድን የሰጠነውን የምስክር ወረቀት መልሱ አላልንም። እነርሱ ግን በጀርባው በእስክሪብቶ «9,345 ብር» ብለው ጽፈውበት፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገው በክበቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት።