ለእድራችን አባላት፦ ፌስታልን ከማድ ቤት ስለማውጣት

ውድ አባሎቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ቅጣት ፈርተን ሳይሆን ለቤታችንም ስለሚበጅ ነው ይህን የምንጽፈው።

ትልቁ ነገር እንጀራ ነው። ትኩሱ በፌስታል ሲታሰር ያልበዋል። ውሃው ተመልሶ እላዩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ። ቀጥሎ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ መሶቡ ውስጥ አንጥፋችሁ ደርድሩት፤ በጨርቁ ጫፍ ሸፍኑት። ጨርቁ ወዙን ይመጠዋል። ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ የታጠበውም ፀሐይ ላይ ድርቅ ይበል። እርጥብ ጨርቅ ከፌስታል አይሻልም።

በርበሬና ሽሮ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይቀመጡ፤ የማርና የማርማላታ ጠርሙስ አትጣሉ። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል፣ ሥጋ ቤት ስትሄዱ ክዳን ያለው ዕቃ ያዙ። ለድፎ ዳቦ ደግሞ ኮባ እያለ ላስቲክ ምን ያደርጋል?

ስለ ለቅሶ ቤት አንድ ነገር። እድራችን የራሱ ሳህንና ብርጭቆ አለው። የሚጣል ሳህን መግዛት ይቅር። ለሐዘንተኛ ትኩስ ሻይ እጅ በሚያቃጥል ስስ የፕላስቲክ ኩባያ ማቅረብም አያምርም። የሚጣለው ዕቃ የገባው እጥበቱ ስለከበደ እንደሆነ እናውቃለን። ሥራው እስካሁን የወደቀው ሴቶቹ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህ ልክ አይደለም። ከአሁን በኋላ ወንዶችም ተራ ይግቡ። ስማችሁን ለዕቃ ቤት ኃላፊዋ አስመዝግቡ።