የውድድር ሜዳ መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ላለፉት 22 ዓመታት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማና በአካባቢዋ በመኪና ጥገና ሙያ የምተዳደር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ይዞልኝ የመጣው ጥያቄ ነው። የ34 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ በኮምፒውተር ሙያ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ቤት ገዝቷል፣ እናቱን ይጦራል፣ ዕዳም የለበትም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ጋሼ፣ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ልግዛ ወይስ ልተው?» አለኝ። በዚያ ቀን አልመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ሁለት ወጣት ወገኖቻችን ስለቀረበልኝ፣ የምለውን በጋዜጣችሁ በኩል ለብዙዎች ማድረስ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ጉዳዩ በቤተ ዘመዱ ዘንድ በተሰማ ጊዜ የተሰጠው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነበር። እናቱና ታላላቆቹ በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቤት ይሠራበታል፣ ይህ እብደት ነው አሉ፤ ጓደኞቹ ደግሞ ለፍተህ ያገኘኸው ነው፣ ሰው ይይልህ አሉት። ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት ስለ ገንዘቡና ስለ ሰው ዓይን ነው እንጂ መኪናው ለምን ሥራ እንደተሠራ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ግን መልሱ ያለው እዚያው ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል።

ጂቲ3 የሚባለው የፖርሽ 911 መኪና ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከመነሻውም የታሰበው የሰሌዳ ቁጥር ተለጥፎለት በራሱ ጎማ ወደ ውድድር ሜዳ ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ፣ ማታ በራሱ ጎማ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። የእህቴ ልጅ የተመኘው እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ትውልድ ነው። ሞተሩ ባለ ስድስት ፒስተን፣ 4 ሊትር፣ ያለ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር ከሚያስገባው መሣሪያ ውጭ) የሚተነፍስና በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር የሚሽከረከር ነው፤ 502 የፈረስ ጉልበት አለው። ማንዋል ካምቢዮ ያለው 1,418 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የፊት እግሮቹ አሠራር እንኳ ከተራው 911 ተለይቶ ከውድድር መኪናው የተወሰደ ነው። ይኸው መኪና በጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ በተባለው ሜዳ 20.8 ኪሎ ሜትሩን ዙር ከ7 ደቂቃ በታች ጨርሷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሞተር ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝና አልደብቅም፤ ይህ ሞተር 9,000 ዙር ሲደርስ የሚያሰማውን ድምፅ በሰማሁበት ጊዜ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ስለዚህ የምጽፈው መኪናውን ከሚንቁት ወገን ሆኜ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ መኪና በምንኖርበት አካባቢ መንገድ ላይ የሚሠራው ሥራ የለም። ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ በእኛ በኩል ባለው አብዛኛው ክፍል የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 55 ማይል ነው፤ መኪናው ይህን ወሰን ገና ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለ ያልፈዋል። በቨርጂኒያ ሕግ ከ85 ማይል በላይ የነዳ፣ ወይም ከተፈቀደው ወሰን በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው የሚከሰሰው በተራ የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን በወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም የዜግነት ማመልከቻውን ጉዳይ ገና ያልጨረሰ ወገን በእንዲህ ያለ ክስ ፍርድ ቤት መቆም ምን ሊያስከትልበት እንደሚችል ለጋዜጣችሁ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለጉግስ የሰለጠነ ፈረስ ሜዳ ይፈልጋል፤ ገበያ መሐል ሲያስገቡት ፈረሱም ይሠቃያል፣ ሰውም ይረገጣል። ጂቲ3ም በከተማ መንገድ ላይ እንደዚያው ነው፤ ሾኮቹ ደረቅ ናቸው፣ የፊት ከንፈሩ በየቤቱ መግቢያ ላይ ይፋቃል፣ በዚያ ዓመት በተሠራው ላይ የኋላ ወንበር ስለሌለ ልጅ አይጭንም።

የሚመጥነው ቦታ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ከእኛ ሰፈር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ የሚደረስበት፣ በምዕራብ ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት የተባለው የውድድር ሜዳ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። ዋናው ዙር ሁለት ማይል ርዝመትና አሥር ኩርባዎች አሉት። እዚያ የመኪና ክለቦች የሚያዘጋጁት የትምህርት ቀን ውድድር አይደለም፤ ጊዜ አይያዝም፣ ሽልማትም የለም። ጠዋት መኪናው ይፈተሻል፣ ቀጥሎ ለሹፌሮች ምልክት የሚሰጥባቸውን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ባንዲራዎች ትርጉም የሚያስተምር ክፍል አለ፣ ከዚያም ጀማሪው አስተማሪ ከጎኑ ተቀምጦ ይነዳል። ቀድሞ ማለፍ የሚቻለው በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች፣ ያውም ከፊት ያለው ሹፌር በእጁ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቀደም ሲል ያልኩትን የፍጥነት ሕግ ሳይፈራ፣ እግረኛም ሕፃንም በሌለበት፣ ሰው የመኪናን ሙሉ አቅም የሚማርበት ቦታ ይህ ነው፤ እኔም ብዙ ወገኖቻችን ቢያውቁት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ስለ ፍሬን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ አዘጋጁ ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው በፍጥነቱ ሳይሆን መቆም ሲያቅተው ነው። የአንድ መኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግደው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የከተማ ሹፌር ከከፍተኛ ፍጥነት የሚያዝ ፍሬን በወር አንዴ ይይዝ ይሆናል፤ በሜዳው ላይ ግን በየዙሩ ይደጋገማል። በተለምዶ የምንጠቀምበት ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ፣ ሲያረጅ የሚጠበቅበት የመፍያ ወሰን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እኔ ራሴ፣ መካኒክ ሆኜ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በተራ መኪናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሚት ፖይንት የሄድኩ ዕለት ዘይቱን ሳልቀይር ነበር የገባሁት። በሦስተኛው ምድብ፣ ማለትም በሦስተኛው የመንዳት ተራ፣ በዋናው ቀጥ ያለ መንገድ መጨረሻ ላይ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ሰጠመ። ደጋግሜ በመርገጥና ማርሽ በመቀነስ መኪናውን ሣሩ ላይ አወጣሁት፤ አስተማሪው ትከሻዬን ይዞ አንድም ቃል ሳይናገር ቆየ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጂቲ3ን የሚያህል መኪና ይዞ የሚገባ ጀማሪ እዚያ ቦታ የሚደርሰው እኔ ከነበርኩበት ፍጥነት እጅግ በበለጠ ፍጥነት ነው።

አሁን ወደ ወጪው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህ መኪና መነሻ ዋጋ 161,100 ዶላር ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ታድሶ ሲመጣ መነሻው 222,500 ዶላር ሆኗል። የእህቴ ልጅ ያገኘው ያገለገለ ሲሆን የሚጠየቅበት ወደ 200,000 ዶላር ነው። በቨርጂኒያ በመኪና ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር እንደሚከፈል እናውቃለን፤ በፌርፋክስ አውራጃ ለብዙ ዓመታት በቆየው ምጣኔ፣ ማለትም ከ100 ዶላር 4 ዶላር ከ57 ሳንቲም ስናሰላው፣ ግብሩ ብቻ በዓመት 9,140 ዶላር ይመጣል። ለሜዳ የሚሆነው ጎማ አንድ ሙሉ ቅያሪው 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ አስፋልቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ለስላሳ በመሆኑም ቶሎ ያልቃል። የሴራሚክ ፍሬን ያለው ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹን በሙሉ መቀየር ከ20,000 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ሜዳ ለሚያዘወትር ሰው የብረቱን ዲስክ እመክራለሁ።

ከሁሉም በላይ ብዙዎች የማያውቁት የመድን ጉዳይ ነው። አብዛኛው የመኪና መድን ውል በውድድር ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ የትምህርት ቀን ነው፣ ውድድር አይደለም ብሎ መከራከር ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ ውሉ የሚጠቅሰው ቦታውን ነውና። ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ መድን መግዛት ይቻላል፣ ክፍያው ግን በመኪናው ዋጋ መጠን ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያቀረብኩለት ጥያቄ ይህ ነበር፤ 200,000 ዶላር የሚያወጣውን መኪና ያለ መድን ግድግዳ ላይ ቢያሳርፈው በማግስቱ ሥራው ገብቶ፣ የእናቱን ወጪ ችሎ፣ ያለ ጭንቀት መኖር ይችላል ወይ? የማይችል ከሆነ መድኑን ከመኪናው ዋጋ እኩል አስቀድሞ ያስብበት።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙም አንድ ያየሁትን ልንገራቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ስሙን ከማልጠቅሰው ሻጭ «ሜዳ ገብቶ አያውቅም» የተባለ ማንዋል መኪና ገዝቶ ከገዛ በኋላ ይዞልኝ መጣ። ኮምፒውተሩን ሳነበው ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ በተደጋጋሚ መሽከርከሩን የሚያሳይ መዝገብ አገኘሁ። ይህ የሚሆነው ሹፌሩ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ እመልሳለሁ ብሎ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ነው፤ ነዳጅን የሚገድበው መሣሪያ በዚህ ጊዜ አይረዳም፣ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ የፖርሽ መኪኖች ይህን መዝገብ እንደ ክብደቱ በስድስት ደረጃ ከፍለው፣ በስንተኛው የሞተር ሰዓት እንደሆነ ጭምር ይይዛሉ። ደንበኛዬ ገንዘቡን ማስመለስ አልቻለም፣ ሞተሩም ዓመት ሳይሞላው ተከፈተ። መዝገቡን ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ዘንድ መቆየት አያስፈልግም።

አንዳንዶች ወደፊት ወደ አገር ቤት ይዤው እገባለሁ እንደሚሉ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቢገባስ ኖሮ፣ ያለ ተርቦ የሚተነፍስ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣ ነበር።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የሰጠሁት መልስ ቀኑን እንዲቆጥር ነው። አንድ የትምህርት ቀን አራት ምድብ አለው፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ያህል ነው። በዓመት ስድስት ቀን የሄደ ሰው በጠቅላላው አሥር ሰዓት ይነዳል ማለት ነው፤ ቀደም ብዬ ያሰላሁት ግብር ብቻ ለእያንዳንዱ ሰዓት 914 ዶላር ይደርሳል። ስድስቱን ቀን ከሥራውና ከቤተሰቡ ላይ ማግኘት የማይችል ሰው መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ለማቆም ነው የሚገዛው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሸራ ለብሶ ሲቀመጥ ማየት ደግሞ እኔን ያሳዝነኛል። ቀኑን ያገኘ፣ ወጪውንም የሚችል ከሆነ ግን ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ይግዛና ይንዳው።

ከዚያ በፊት ግን በትንሽ መኪና ይማር አልኩት። ባለፈው በልግ ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ገዛ። ክብደቷ ከጂቲ3 በብዙ ያነሰ፣ ጉልበቷም ጥቂት ስለሆነ ጎማና የፍሬን ሸራ አትጨርስም፤ ይልቁንም ኩርባ ላይ የተበላሸውን ስህተት በሞተር ጉልበት ሸፍኖ ማለፍ ስለማይቻል እውነተኛ አነዳድ ታስተምራለች። ጣሪያዋ ተከፋች በመሆኑ ክለቡ የሚጠይቀውን የመገልበጥ መከላከያ ብረት እኔው ገጠምኩለት፣ የፍሬን ዘይቱንም እሱ ራሱ አየሩን እያስወጣ እንዲቀይር አሳየሁት።

እስካሁን አምስት ቀን ሄዷል። በአምስተኛው ቀን አስተማሪው ከመኪናው ወርዶ ብቻውን እንዲነዳ ፈቀደለት፤ እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ሳየው ነበር። ለመጪው ዓመት ስምንት ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጓል። ስምንቱንም ከፈጸመ፣ ጂቲ3ን ለማየት በሚሄድበት ቀን የሞተር ማንበቢያ ኮምፒውተሬን ይዤ አብሬው እንደምሄድ ቃል ገብቼለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ