ቶርኔዶ ሲመጣ በአማርኛ ንገሩን
ግልጽ ደብዳቤ ለናሽቪል ከተማ (ቴነሲ፣ አሜሪካ) የድንገተኛ አደጋ አስተዳደር ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓድዋን በዓል አስበን ዋልን። ሁዳዴ ነበርና እናቴ የሽሮ ድስቷን አጣጥባ በጊዜ ተኛች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ የቤቱ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ሮጬ ስወጣ እናቴ የሳሎኑን መጋረጃ ገልጣ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ሰማዩን ታያለች። «ምን ይላል ልጄ?» አለችኝ ስልኳን እየዘረጋች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እጇን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስጎትታት ጆሮዬ ድፍን አለ።

እኛን እግዚአብሔር አተረፈን። ቶርኔዶው፣ ቤት እያፈረሰ የሚጓዘው ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ፣ ግን ከከተማው ምዕራብ ተነስቶ በጀርመንታውን፣ በኢስት ናሽቪልና በዶኔልሰን በኩል ማውንት ጁልየትንም አልፎ 60 ማይል ያህል ተጉዞ 5 ሰው ገደለ። በዚያው ሌሊት ፑትናም ካውንቲ ላይ የወረደው ሌላው 19 ሰው ፈጀ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ደግሞ በሌላ ቶርኔዶ በናሽቪሉ ማዲሰን ሰፈር 3 ሰው ሞተ።

የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያውን የምታወጡት እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በጃንዋሪ 2025 የስልክ ማስጠንቀቂያ እንዲላክባቸው ከወሰነላቸው ቋንቋዎች መካከል ዓረብኛ፣ ቬትናምኛና የሄይቲ ክሪዮል አሉ፤ አማርኛ የለም። ስለዚህ እኛን የሚደርስልን የራሳችን ከተማ ነው።

ሥራው ለማሽን የሚተው አይደለም። እንግሊዝኛው «ዎች» እና «ዋርኒንግ» ብሎ ይለያቸዋል፤ በእኛ አፍ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» ናቸው። አንዱ «ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ» ነው፣ ሌላው «መጥቷል፣ ተደበቁ»። «አውሎ ነፋስ» ብቻ ብትሉን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናስበው በበጋ ሜዳ ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚያልፈውን፣ በስመ አብ ብለን አማትበን የምናሳልፈውን ነው። ለዚያ ማንም ከመሬት በታች ያለ ክፍል አይገባም።

የምንፈልገው አጭር ነው፦ «ቶርኔዶ መጥቷል። ከመስኮት ራቁ። አሁኑኑ ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ ከሌለ መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ።» ይህን ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው አስጽፋችሁ አስቀምጡት። በአማርኛ የተቀዳ ድምፅም ይኑር፤ ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች አሉን። የቶርኔዶው ወቅት ከሚጀምርበት ከማርች በፊት ደግሞ ሰው ላኩልን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይገኛል፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት፣ በተለይ በመጋዘንና በመኪና ማቆሚያ ያሉት፣ የት መሸሸግ እንዳለባቸው ቀድመው ይወቁ። ለትርጉሙ እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩም አላጣም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እናንተ ቀን፣ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አስተርጓሚ መጥራት ትችላላችሁ። እናቴ በዚያ ሌሊት የነበራት ጊዜ ግን ከመስኮቱ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ያለው ብቻ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የናሽቪል ነዋሪ